ሁለተኛው መለኪያ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ስለ ቁጥር ማወቅ የሚገባኝን ሁሉ ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። ቁጥር የጠፋን ሰው ፈልጎ ሊያገኝ እንደሚችል ግን የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያስተማሩኝም አንድ የድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴና አንዲት ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ናቸው። ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በየካቲት አጋማሽ ነው። አንድ ረቡዕ ጠዋት የጡረታ ደብተሬን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ከዚራ ሰፈር ወዳለ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ባለቤቱ «አሁን ይመጣል» ሲለኝ በሩ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ብዙም ሳይቆይ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ሽርጥ የታጠቁ ረጅም ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በእጃቸው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አዩ።

«ወሪያ፣ አንተ ባለ መነጽር» አሉኝ። «አማርኛ ታነባለህ?»

«አነባለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያው አንብብልኝ። እኔ ዐረብኛ አነባለሁ፤ ሶማሊኛም አነባለሁ። የእናንተ ፊደል ግን በዝቶብኝ ትቼዋለሁ።»

የእኛ አገር ሰው አንቱታ አያበዛም፤ እሳቸው ደግሞ ጭራሽ አያውቁትም። አልተቀየምሁም። ሐጂ ሞሐሙድ ይባላሉ፤ መጋላ ውስጥ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አንድ መረዳጃ ማኅበር አቋቁመዋል። ማኅበሩ ዐቅም የሌላቸውን የድሬዳዋና የገጠር ቀበሌዎቿን ልጆች የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል።

ደብዳቤው የተጻፈው ኢልዋድ ለምትባል፣ በአንድ የጤና ኮሌጅ የሕክምና ላብራቶሪ ለምትማር ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ለሐጂ የደረሳቸው ግልባጩ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «በማኅበሩ የትምህርት ድጋፍ መመሪያ የተቀመጠውን የትምህርት ዕድገት መለኪያ በተከታታይ ሁለት መንፈቀ ዓመት ስላላሟሉ ድጋፉ የተቋረጠ መሆኑን እናስታውቃለን። ቅሬታ ካለዎት ይህ ደብዳቤ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ ማመልከት ይችላሉ።»

ሐጂ አንብቤ እስክጨርስ አልጠበቁኝም።

«ተቋረጠ? ማነው የሚያቋርጠው? የሰጠሁት እኔ፣ የሚያቋርጠው ሌላ ሰው! ይህችን ልጅ እኮ አውቃታለሁ። ዋሂል ከሚባለው ገጠር የመጣች ልጅ ናት። አባቷም እናቷም ሞተዋል፤ አክስቷ ፋዱሞ ናት ያሳደገቻት። አሁን በኔ ስም መንገድ ላይ ሊጥሏት ነው?»

«ሐጂ፣ ደብዳቤው ከወጣ ሰባት ቀን ሆኖታል» አልኋቸው። «የቀረው ሦስት ቀን ነው።»

ክንዴን ያዙና ብድግ አደረጉኝ።

«ተነሥ። ይህን ወደጻፈው ሰው እንሄዳለን። እዚያም ሌላ ወረቀት ያወጡብኛል፤ ማን ያነብልኛል?»

የጡረታ ደብተሬን ኪሴ ውስጥ መልሼ ተከተልኋቸው። ባጃጅ ይዘን፣ የሒሳብ አስተማሪ እንደነበርሁ መንገድ ላይ ነግሬያቸው፣ ኮሌጁ ደረስን። የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ውስጥ ያገኘናት ዮርዲ የምትባል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ወጣት ናት። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቆሟል፤ እሷ በአንድ እጇ በፋይል ሽፋን ራሷን እያራገበች በሌላው ትጽፋለች።

ሐጂ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። «ልጆቼን የምታባርሪው አንቺ ነሽ?»

ዮርዲ ተነሥታ ወንበር ሳበችላቸው። «ይቀመጡ ሐጂ፤ ጋሼ እርስዎም ይቀመጡ። ማንንም አላባረርኩም። ተቀምጠን እንነጋገር።»

«ምን እንነጋገራለን? ስሚኝ። እኔ ለአላህ ብዬ የሰጠሁትን ተመልሼ አልጠይቅም። የሰጠሁት ልጅ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ፣ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አንቺ ‹ስንት አመጣሽ› እያልሽ የምትቆጣጠሪያት ከሆነ የኔ ስጦታ ስጦታ መሆኑ ቀረ። ደሞዝ ሆነ። ደሞዝ ለመክፈል አይደለም ማኅበር ያቋቋምኩት።»

እውነቱን ለመናገር ቃላቸው ልቤን ነካው። በውጤት ብቻ ተመዝኖ የወደቀ ስንት ልጅ በእጄ አልፏል! በልቤ ወደ ሐጂ አዘነበልሁ።

ዮርዲ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ሰነድ አወጣች። «መመሪያውን ያጸደቁት የማኅበሩ መሥራቾች ናቸው። ይህ የማን ፊርማ ነው?»

ሐጂ አጎንብሰው አዩ። በዐረብኛ የተጻፈ ፊርማ ነበር።

«የኔ ነው» አሉ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ። «ለልጆቹ ይጠቅማል አሉኝ፤ ፈረምኩ። ውስጡ ምን እንዳለ ማን ነገረኝ?»

«እንግዲያው ዛሬ እኔ ልንገርዎት። መለኪያው ሁለት ነው። አንደኛው ውጤት ነው፤ የተማሪው አማካይ ከሁለት ነጥብ መውረድ የለበትም። ሁለተኛው፣ ከተመዘገበባቸው ትምህርቶች ከየሦስቱ ቢያንስ ሁለቱን መጨረስ አለበት። እየጀመረ የሚያቋርጥ ከሆነ መቼም አይመረቅማ። አንድ ሴሚስተር ከዚህ ካነሰ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ድጋፉ ግን አይቆምም። በሚቀጥለውም ካላስተካከለ ይቆማል። የቆመበትም ተማሪ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ችግር ገጥሞት ከነበረ ማስረጃ ይዞ፣ ከእንግዲህ እንዴት እንደሚቀጥል ዕቅድ አውጥቶ ያመለክታል። በሩ አልተዘጋም።»

«ኢልዋድ ሰነፍ ናት?»

ዮርዲ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እኔ አዞረችው። መነጽሬን አስተካክዬ ተመለከትሁ። ለካስ ልጅቷ ከስድስት ትምህርት ሦስቱን ጨርሳለች፤ በሚቀጥለው ሴሚስተርም ከስድስት ሦስቱን። የጨረሰቻቸው ስድስቱም ኤ ናቸው። የቀሩት ስድስቱ ግን ያልተሟሉ ተብለው ባዶአቸውን ተቀምጠዋል።

«ያለፈችውን ሁሉ በኤ ነው ያለፈችው» አልሁ።

«ኤ ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ።

«ከዚያ በላይ ውጤት የለም።»

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ሱብሓነላህ! ከዚያ በላይ የሌለውን ያመጣች ልጅ ነው አይበቃትም የምትሉት?»

«ሐጂ» አለች ዮርዲ ቀስ ብላ፣ «መለኪያው ሁለት የሆነው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ብቻ ብንሄድ ኢልዋድ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ማንም አይጠይቃትም። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ኤ እያመጣች ትቆይና ሳትመረቅ ትቀራለች። ሁለተኛው መለኪያ ነው ‹ቆይ፣ እዚህች ልጅ ላይ የሆነ ነገር አለ› ያለን።»

«ምንድን ነው የሆነው?»

«አላወቅኩም።» ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። «ማስጠንቀቂያ ጻፍኩላት፤ መልስ የለም። ስልኳ አይሠራም። ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ከፈተና በኋላ ግቢ ውስጥ ያያት የለም።»

«ወረቀት ሰውን ይጠይቃል እንዴ?» አሉ ሐጂ። «ወረቀት የራሱን ተናግሮ ዝም ይላል።»

ዮርዲ አልተከራከረችም። ሌላ ነገር አነሣች። «እኔ መጋላ ጫፍ ነው ያደግኩት። ከቤታችን ጀርባ ቁርኣን ቤት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የልጆቹ ድምፅ ነበር የሚቀሰቅሰኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጁ ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ሳይወጣ ማዓሊሙ ‹እጠበውና ሌላ ጻፍ› ይለዋል?»

ሐጂ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «ይለዋል? ወላሂ አይለውም! እኔ አንዷን ሰሌዳ አሥር ቀን ይዣት ዞሬያለሁ።»

«ማዓሊሙ ስለጠላዎት ነው?»

«ምን ይጠላኛል! አጠገቡ አስቀምጦ ስንት ጊዜ ነው ያደመጠኝ።»

«ማዓሊሙ ለአላህ ብሎ አይደለም የሚያስተምረው?»

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህች ልጅ ምላስ አላት፣ አስተማሪ።» ከዚያ ግን እጅ አልሰጡም። «እሱ ልጅ ነው፤ ሰሌዳ ነው። እዚህ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ትልቅ ሰው እየሰጠህ አትጠይቀውም፤ ታሳፍረዋለህ።»

«ዐብዲራሕማንን ያስታውሱታል?» አለች ዮርዲ።

«የጓደኛዬን ልጅ? እንዴት አላስታውሰውም! ፋርማሲ የሚማረው። አሁን ሊጨርስ ነው።»

«መመሪያው ሳይወጣ በፊት ማኅበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍሎለታል። መመሪያው ሲወጣ የሁሉንም ፋይል ከፈትን። ዐብዲራሕማን ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ክፍል ገብቶ አያውቅም። አንድ ትምህርት ወድቆ አፈረ፤ ቀረ። ዛሬ ጅቡቲ ወደብ ላይ ዕቃ ያወርዳል ነው የሚሉት። አድራሻውን የሚያውቅ አላገኘሁም።»

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ሁልጊዜ ጁምዓ መስጊድ በር ላይ አገኘው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እጄን ይስመኛል። ‹ትምህርት እንዴት ነው?› እለዋለሁ። ‹አልሐምዱሊላህ› ይለኛል። እሄዳለሁ። ቆሜ አላውቅም። የትኛው ትምህርት፣ ማን ያስተምርሃል፣ ምን ከበደህ ብዬው አላውቅም። አባቱ ሲሞት እጁን ይዤ ‹ልጅህ ልጄ ነው› ብዬዋለሁ።»

እኔም አንገቴን ደፋሁ። «ተማርህ ወይ?» ብሎ መልሱን ሳይሰሙ ማለፍ የሐጂ ብቻ ጥፋት አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስንት ልጅ «ገብቶኛል» ሲለኝ አምኜ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍሁ!

ሐጂ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። «ሦስት ቀን ነው ያልከኝ፣ አስተማሪ? ተነሡ፤ ዋሂል እንሄዳለን። አንቺም ነይ። በወረቀት ሁለት ጊዜ ጠይቀሻታል፤ ሦስተኛውን በአፍሽ ጠይቂያት።»

ዮርዲ አለቃዋን አስፈቅዳ ወጣች። መናኸሪያ ስንደርስ የዙሁር ሰላት ደርሶ ስለነበር ሐጂ የሚኒባሱን ረዳት «ሰግጄ እስክመጣ መኪና ትጠፋለች?» ብለው ጠየቁት።

«ኧረ ስገድ ሐጂ!» አላቸው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋሂል የሚሄድ አይጠፋም። ከዘጠኝ በኋላ ነው በገንዘብም የማይገኘው።»

አንድ እግሯን ሚኒባሱ ላይ ያደረገችው ዮርዲ እዚያው ቀረች። «ሁልጊዜ ነው እንደዚህ?»

«ሁልጊዜ ነው።»

ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ተለዋውጧል። «ጋሼ፣ የላብራቶሪ ትምህርት ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ነው። ያልተሟሉት ስድስቱም ትምህርቶች ላብራቶሪ ያላቸው ናቸው። አሁን ነው የገባኝ።»

አንድ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ምስጢር አንድ የሚኒባስ ረዳት በአንድ ዐረፍተ ነገር ፈታው። ለመፈታት የጠበቀው ጠያቂ ብቻ ነበር።

ዋሂል ስንደርስ አክስቷን ፋዱሞን በራቸው ላይ አገኘናቸው። ሐጂን ሲያዩ ደንግጠው ምንጣፍ አነጠፉልን፤ ውሃ አቀረቡልን። ኢልዋድ ከገበያ ስትመጣ የሽንኩርት ዘንቢል በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ናት። ዮርዲን ስታይ ዘንቢሉን አስቀመጠች።

«ልትቆጡኝ ነው የመጣችሁት?» አለች።

«ልንጠይቅሽ ነው» አለች ዮርዲ። «የላብራቶሪ ሰዓት ላይ የት ትሄጂ ነበር?»

ልጅቷ ሁሉንም ተናገረች። እስከ መጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ከጓደኛዋ ጋር ከተማ ውስጥ ትኖር ነበር። ጓደኛዋ አግብታ ስትሄድ ማደሪያ አጣችና ከዋሂል መመላለስ ጀመረች። ላብራቶሪ ሲጀመር ትገባለች፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዕቃዋን ሰብስባ ወደ መናኸሪያ ትሮጣለች። ከሦስት ሰዓት ትምህርት የምታገኘው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። መምህሩ ተግባሩን ስላልጨረሰች ውጤት ሊሰጣት አልቻለም።

«ለምን አልተናገርሽም?» አሉ ሐጂ። «እኔ አለሁ አይደል? መጋላ ሙሉ ቤት ነው!»

ኢልዋድ ቀና ብላ አየቻቸው። «አዴር፣ በነፃ ነው የምታስተምሩኝ። በዚያ ላይ ደግሞ ማደሪያ ስጡኝ ልበል? አፈርኩ።»

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ሐጂ ቃሉን ሲሰሙ ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«አየህ አስተማሪ» አሉኝ። «እኔ እንዳላሳፍራት ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷ አፍራ አልነገረችኝም። ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ልጅቷ ልትጠፋ ነበር።»

ይህን ጊዜ ፋዱሞ ከጓዳ አንድ ወፍራም ደብተር ይዘው መጡ። «እስቲ ይህን እዩልኝ። ታማብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ከትምህርት ቤት የመጣች ዕለት ሁሉ ተቀምጣ ክብ ክብ ስትስል ነው የምታመሸው።»

ኢልዋድ ልትቀማቸው ሞከረች፤ ዮርዲ ቀደመቻት። ደብተሩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በሥዕል ተሞልቷል። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሣሉ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ክቦች፣ በክቦቹ መካከል ደግሞ ትልልቆቹ፣ ሆዳቸው ውስጥ የታጠፈ ሰማያዊ ነገር ያለባቸው። በየገጹ ግርጌ ቀን ተጽፏል። በማይክሮስኮፕ ያየችውን በዚያች አንድ ሰዓት ባልሞላች ጊዜ ዓይኗ ውስጥ ይዛ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንዳይጠፋባት ዓይኗን ጨፍና፣ ቤት ገብታ ታወርደዋለች።

«ስልክ እንኳ ፎቶ የሚያነሣ የለኝም» አለች ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሁሉ። «እንዳልረሳው ነው።»

እኔ ስለ ደም የማውቀው የለኝም፤ ግን ልክን አውቃለሁ። ክቦቹ እርስ በርስ ያላቸው መጠን ከገጽ ገጽ አይለያይም ነበር። በኮምፓስ የለካቻቸው ነበር የሚመስሉት።

አርብ ጠዋት አምስት አባላት ያሉት የድጋፍ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኢልዋድ ማመልከቻዋን በራሷ እጅ ጽፋለች። የሆነውን ሳትደብቅ፣ ማስጠንቀቂያው ደርሷት ዝም ማለቷም ጥፋት እንደሆነ አምና ነው የጻፈችው። የመጨረሻዋ ሚኒባስ በዘጠኝ ሰዓት እንደምትወጣ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከመናኸሪያው ተያይዟል። ዕቅዷም አለ፦ መጋላ ከሐጂ እህት ከፈርዶውሳ ቤት ሆና ትማራለች፤ የጎደሏትን ላብራቶሪዎች ሦስቱን በዚህ ሴሚስተር፣ ሦስቱን በክረምት ታሟላለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ዮርዲ ዘንድ ቀርባ የት እንደደረሰች ታሳያለች።

ከአባላቱ አንዱ፣ ጉግሳ የሚባሉ ጥንቁቅ ሰው፣ ወረቀቱን አስቀመጡና «የልጅቷ ነገር ያሳዝናል» አሉ። «ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ደርሷት አንድ ሴሚስተር ሙሉ አልመለሰችም። ዛሬ ለእሷ ካለፍን ነገ ለሁሉም ልናልፍ ነው። መመሪያው ምን ዋጋ አለው?»

ዮርዲ ተነሣች። «መመሪያው ራሱ ነው ይህን በር የከፈተው፣ ጋሼ። ከዐቅም በላይ የሆነ ችግር፣ ማስረጃና ዕቅድ ይላል፤ ሦስቱም ቀርበዋል። የእኔንም ጥፋት ልናገር። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ዋሂል ሩቅ አይደለም። መሄድ ነበረብኝ።»

ከዚያ ሰብሳቢዋ ሐጂን ጠየቋቸው። ሁላችንም የምንጠብቀው ልመና ነበር። ረቡዕ ዕለት ጠረጴዛ የመቱት ሰው ዛሬ ቀስ ብለው ቆሙ።

«ማሯት አልልም» አሉ። «ከሁለት ቀን በፊት ቢሆን እላችሁ ነበር፤ እጮህባችሁም ነበር። አሁን የምለው ለኳት ነው። በደንብ ለኳት። በየሁለት ሳምንቱ፣ በየወሩ ለኳት፤ ቀጥ ብላ እያያችሁ። እኔ የጓደኛዬን ልጅ ሳልለካው ጠፍቶብኛል። ይህችኛዋን ያገኘነው ስለለካናት ነው።»

ጉግሳ የልጅቷን ደብተር ጠየቁ። የላብራቶሪው መምህር እዚያው ነበር። የራሱን የሥዕል መጽሐፍ ከደብተሩ ጎን ዘርግቶ ገጽ በገጽ ማነጻጸር ጀመረ። ሦስተኛው ገጽ ላይ መናገሩን ተወ፤ ጣቱ ብቻ ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል። አሥረኛው ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ዘጋው።

«እኔ አስተማሪዋ ነኝ» አለ። «እንዲህ አድርጌ አልሥለውም።»

ድጋፉ ለአንድ ሴሚስተር በሙከራ እንዲቀጥል፣ ዕቅዷን ካሟላች ደግሞ በቋሚነት እንዲመለስላት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሐጂም አንድ ሐሳብ አቅርበው ጸደቀላቸው። ከእንግዲህ የማንም ተማሪ ድጋፍ ከመቋረጡ በፊት ከማኅበሩ አንድ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ ምን እንደገጠመው ሊጠይቀው ይገባል። የመጀመሪያው ሂያጅ ራሳቸው ሆኑ። በዚያው ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ሰባት ተማሪዎች ነበሩ። ሐጂ እኔን አስከትለው፣ አንዳንዴም በእግር፣ መልካ ጀብዱ ድረስ ሁሉንም ዞሩ። አንደኛው ትምህርቱን አልፈልገውም ብሎ በግልጽ ነገረን፤ መርቀውት ቦታው ለሌላ ተሰጠ። አንዷ ወልዳ ነበር፤ አንድ ሴሚስተር እንድታርፍ ተደረገ። የቀሩት አምስቱ ከባድ ትምህርታቸው ታውቆ የሚያስጠናቸው ሰው ተገኘላቸው፤ አምስቱም መለኪያውን አሟልተው አለፉ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ድጋፍ የምትሰጥም ሆንህ የምትቀበል፣ ከዚህ የምታገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። መለኪያ ያለው ድጋፍ የረጂውን ልግስና አያሳንስም፤ የት እንደደረሰ ያሳየዋል እንጂ። ተማሪውም ድጋፉን ለማቆየት ምን እንደሚጠበቅበት ገና ሲመዘገብ ይወቅ፤ ስንት ትምህርት መጨረስ፣ ምን ያህል ውጤት መያዝ እንዳለበት ይጠይቅ። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ዕለት አይደበቅ፤ ያን ደብዳቤ ይዞ ወደጻፈው ሰው ይሂድ። ችግሩን መናገር ልመና አይደለም፤ መመሪያው የሰጠው መብቱ ነው። መለኪያውን በእጁ የያዘ ሰው ደግሞ ቁጥሩ «ጎደለ» ሲለው ሥራው እዚያ ይጀምራል፤ ለምን እንደጎደለ ሄዶ ይይ።

ኢልዋድ የዚያን ሴሚስተር ትምህርቶች በሙሉ ጨረሰች፤ ክረምቱንም ተምራ የጎደላትን አሟላች። በነሐሴ መጨረሻ ኮሌጁ ረጂዎቹን ላብራቶሪውን እንዲያዩ ጋበዘ። ሐጂ አዲስ ሽርጥ ታጥቀው መጡ።

ኢልዋድ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ጓንት አድርጋ ጠበቀቻቸው። ጣታቸውን በአልኮል ጠርጋ ወጋ አደረገቻቸውና አንዲት የደም ጠብታ መስታወት ላይ በስሱ ቀባች። አደረቀችው፤ ቀለም ነከረችው፤ አጠበችው። ከዚያ መስታወቱን ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ፣ አንዴ ራሷ አይታ፣ ወንበሩን ለሐጂ ለቀቀች።

«ዓይንዎን እዚህ ላይ ያድርጉ፣ አዴር።»

ሐጂ አጎነበሱ።

«ያ ረቢ» አሉ ቆይተው። «ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ደምዎ ነው።»

«ሁሉም የኔ ናቸው? ይህን ሁሉ ይዤ ነው ሰባ ሦስት ዓመት የሄድኩት? ሳላውቀው?» ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው የኔን ያዙ። «ወላሂ አስተማሪ፣ እንደ ሰማይ ኮከብ ናቸው። እነዚህ ትልልቆቹስ?»

«እነሱ በሽታ ሲመጣ የሚዋጉልዎት ናቸው።»

«ሳላዛቸው?»

«ሳያዟቸው።»

እኔም ተራዬን አየሁ። ሮዝ ክቦች ከዳር እስከ ዳር ተበትነዋል፤ በመካከላቸው ወይን ጠጅ ልብ ያላቸው ጥቂቶች ቆመዋል። የዋሂሉ ደብተር ትዝ አለኝ። ይህን ነበር ይህች ልጅ በሚኒባስ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ይዛ የምትሄደው።

ኢልዋድ እንደገና አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች። መምህሩን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር አለችው። እሱም አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «አንቺ ንገሪያቸው» አላት።

«አዴር፣ ቀዮቹ መካከላቸው ትንሽ ነጥቷል፤ መጠናቸውም አንሷል። ደም ሳያንስዎት አይቀርም። የሚያስፈራ አይደለም፤ ግን ሐኪም ቤት ሄደው በደንብ ይመርመሩ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ውጤት መስጠት አልችልም።»

ሐጂ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ሁለት ወር ሙሉ ድካም እየተሰማቸው ለማንም እንዳልተናገሩ ኋላ ነው የነገሩኝ።

«እንሄዳለን» አሉ። «አንቺ ሂድ ካልሽኝ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ግን አልተነሡም። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ ስምንት ዘጠኝ እንግዶች ቆመዋል። ሐጂ ሞሐሙድ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው እንደገና አጎነበሱ፤ እኛም ሁላችንም፣ ማንም ቶሎ በሉ ሳይላቸው፣ አይተው እስኪጠግቡ ጠበቅናቸው።